ነጻ ዜማ ስንል ምን ማለታችን ነው?
(በአባላት ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ዜማ ነው። «ማኅበሩ ቁጠባውንና ብድሩን ትቶ ወደ ዘፈን ገባ እንዴ?» የምትል ብትኖር አይፈረድባትም። ነገሩ ግን ከሥራችን የራቀ አይደለም። በዓል በመጣ ቁጥር ስፌታችንን፣ በርበሬያችንን፣ ቡናችንን ይዘን ባዛር እንወጣለን። ልጆቻችን የሙያችንን ሥራ በስልክ እየቀረጹ በቴሌግራምና በቲክቶክ ያሳዩልናል። ለባዛሩም ለቪዲዮውም ሙዚቃ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከአባላት ደጋግሞ የሚቀርብልን ጥያቄ፣ «ሳንከፍልና ሳንጠየቅ ለበዓል የሚሆን ሙዚቃ ከኢንተርኔት ከየት እናግኝ?» የሚል ነው።

ጥያቄው ውስጥ ሁለት ነገር አለ፤ አለመክፈልና አለመጠየቅ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የዛሬው ንግግራችንም በሁለቱ መካከል ስላለው ልዩነት ነው።

ዘፈን ማስጫን በአገራችን የተለመደ ነው። ሚሞሪ ካርድ ይዞ ሞባይል ቤት መሄድ፣ ጥቂት ብር ከፍሎ መቶና ሁለት መቶ ዘፈን አስጭኖ መመለስ ነው። ክፍያው ለጫነው ልጅ ድካም ነው፤ ለዘፋኙ፣ ለግጥምና ለዜማ ደራሲው የሚደርስ ነገር የለም። ጎረቤታችን «ከጓሮዬ ጎመን ቁረጪ» ስትለን መቁረጥና እሷ ሳታውቅ አጥር ዘሎ መቁረጥ የጎመኑን ጣዕም አይለውጠውም፤ ጉርብትናውን ግን ይለውጠዋል። በኢንተርኔት «ነጻ» ተብሎ የሚቀርበው ሙዚቃም እንዲሁ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ባለቤቱ «ውሰዱት» ብሎ የሰጠው ነው፤ ሌላው ባለቤቱ ሳያውቅ የተወሰደ ነው። ለጆሮ ሁለቱም አንድ ናቸው።

የአገራችን ሕግ ይህን ለይቶ አስቀምጦታል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የአንድን ሥራ ደራሲ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቀዋል። አንድ ሰው ለግሉ ብቻ የሚሆን አንድ ቅጂ ቢይዝ አዋጁ አይከለክልም። ቤታችን ሆነን እንጀራ እየጋገርን ማዳመጥ አንድ ነገር ነው፤ ያንኑ ዘፈን ለሽያጭ በምናሠራው ቪዲዮ ላይ መለጠፍ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው ፈቃድ ይፈልጋል። ዩቲዩብ የዘፈኑን ድምፅ ራሱ ለይቶ ያውቃል፤ ያለ ፈቃድ የተለጠፈ ሲያገኝ ቪዲዮውን ሊያግደው ወይም የማስታወቂያውን ገቢ ለዘፈኑ ባለቤት ሊያዞረው ይችላል። ቲክቶክም ለንግድ የተከፈቱ ገጾች ለንግድ ከተፈቀዱ ሙዚቃዎች ክምችት እንዲመርጡ ያደርጋል። አባቶች «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ያሉት ለዚህም ይሠራል።

እንግዲህ ባለቤቱ ፈቅዶ የሰጠው ሙዚቃ የት ይገኛል?

በዓለም ላይ «ክሪኤቲቭ ኮመንስ» የሚባል የፈቃድ ዓይነት አለ። ፈቃዶቹ መጀመሪያ የወጡት እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ሙዚቀኛው ሥራውን ሲለቅ ምን እንደፈቀደ በምልክት ያስቀምጣል። አንዱ ምልክት «ስሜን ጥቀሱ እንጂ እንደፈለጋችሁ ተጠቀሙበት» ይላል። ሌላው «ለንግድ አታውሉት» ይላል። ሦስተኛው «አትቁረጡት፣ አትቀይሩት» ይላል። አራተኛው «የእኔን ሥራ ይዛችሁ የምታወጡትን እናንተም በዚሁ ፈቃድ ልቀቁት» ይላል። እኛ ስፌት ለመሸጥ ቪዲዮ ስናሠራ «ለንግድ አታውሉት» የሚለው ምልክት ያለበት ሙዚቃ አይሆነንም። ለማኅበሩ ዓመታዊ ሪፖርት ፊልም ግን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከማውረዳችን በፊት ምልክቱን እናንብብ፤ እንግሊዝኛው ካስቸገረን ልጆቻችንን እንጠይቅ።

በእነዚህ ፈቃዶች የተለቀቀ ሙዚቃ የሚገኝባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። «ፍሪ ሚዩዚክ አርካይቭ» እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተ ነው። «ጃሜንዶ»ም አለ። «ባንድካምፕ» ላይ በራሳቸው የሚሠሩ ሙዚቀኞች ሥራቸውን ይሸጣሉ፤ አንዳንዶቹ ዋጋውን ለአድማጩ ይተዉታል፤ ዜሮ ጽፎ መውሰድ ይቻላል፣ የቻለ ደግሞ ይከፍላል። «ኢንተርኔት አርካይቭ» የሚባለው ትልቅ የዲጂታል ቤተ መጻሕፍት የቆዩ ሸክላዎችን ጭምር ይዟል። ዩቲዩብም ራሱ ለቪዲዮ ሠሪዎች ያዘጋጀው የሙዚቃ ክምችት አለው። አሜሪካዊው ኬቨን ማክሎድ ደግሞ ስሙ እስከተጠቀሰ ድረስ ማንም እንዲጠቀምባቸው ብዙ ዜማዎችን ለቋል፤ የገና ዜማዎችም አሉበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ታስተውላላችሁ። በእነዚህ ቦታዎች የበዓል ሙዚቃ ብለን ስንፈልግ የሚመጣልን በአብዛኛው የበረዶና የቃጭል ዜማ ነው። የእኛ ገና ታኅሣሥ 29 ነው፤ ሐረር ደግሞ በረዶ ለብሳ አታውቅም። ስለ መውሊድ፣ ስለ ሸዋሊድ፣ ስለ ቁልቢ ገብርኤል ወይም ስለ እንቁጣጣሽ ብንፈልግ በግልጽ «ውሰዱት» የሚል ምልክት ያለበት ሥራ ማግኘት ያስቸግራል። ዩቲዩብና ቴሌግራም ላይ መንዙማው፣ መዝሙሩ፣ የበዓል ዘፈኑ ሞልቷል፤ ማን እንደፈቀደው ግን አብዛኛውን ጊዜ አይታወቅም።

የፈረንጆቹ ዜማ ለምን በቀላሉ ተገኘ ብለን እንጠይቅ። አንደኛው ምክንያት ዕድሜ ነው። «ጸጥተኛ ሌሊት» ተብሎ ሊተረጎም የሚችለው የገና መዝሙር ኦስትሪያ ውስጥ የተዘመረው እ.ኤ.አ. በ1818 ነው፤ ዜማው ዛሬ የማንም የግል ንብረት አይደለም። ሁለተኛው ምክንያት ግን ሰው ነው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ያንን የቆየ ዜማ እንደገና ተጫውቶ፣ ቀርጾ፣ «ይኸው ለሁላችሁ» ብሎ ለቀቀው። ዜማው ነጻ ቢሆንም ቅጂው ነጻ የሚሆነው የተጫወተው ሰው ሲፈቅድ ብቻ ነው። ይህን ልዩነት በደንብ እንያዘው። የአበባየሆሽን ወይም የሆያ ሆዬን ዜማ ማንም ልጅ ደጃፍ ላይ ይዘምረዋል፤ ከአያት የመጣ ነው። አንድ ታዋቂ ድምፃዊ አቀናብሮ የቀረጸው ግን የድምፃዊውና የአቀናባሪው ሥራ ነው። የሠፈራችን ልጆች ሲዘምሩ ብንቀርጻቸውና እነሱም ወላጆቻቸውም ቢፈቅዱ ግን ማንም የማይጠይቀን የበዓል ሙዚቃ አገኘን ማለት ነው።

ለመስማትና ለመማር የሚሆን የአገራችን ሙዚቃ በነጻ አይገኝም ማለታችን ግን አይደለም። ሸዋሊድ በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ የሰፈረው በኅዳር 2016 ዓ.ም. ነው። ዩኔስኮ ለመዘገበው ቅርስ ሁሉ ፎቶና አጭር ፊልም በገጹ ያስቀምጣል፤ የእኛንም ማንም ከፍቶ ያለ ክፍያ ያየዋል። ከረመዳን በኋላ ስድስቱን የሸዋል ቀናት ከጾምን በኋላ የምናከብረውን በዓል ዓለም እንዴት እንዳየው ልጆቻችን ቢያዩት ጥሩ ነው። ሲሞኔ ታርሲታኒ የሚባሉ የሙዚቃ ተመራማሪ የሐረርን ዚክሪና የመውሊድ ሥርዓት አጥንተዋል። በበዓልና በሠርግ ስለሚቀርበው መውሉድ የጻፉት ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2007 በአናል ዴቲዮፒ መጽሔት ላይ ወጥቷል፤ በኢንተርኔትም በነጻ ይነበባል። ሐረሪዎች ከራቡ ስለሚሉት ከበሮና ከበል ስለሚባሉት የእንጨት ማጨብጨቢያዎች የእኛ ልጆች ከሩቅ አገር ጽሑፍ ከማንበባቸው በፊት ከእናቶቻቸው ቢሰሙ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለናል።

ኢንተርኔት የማያስፈልገውም አለ። በጀጎል ውስጥ ራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ሕንጻ ያለው የሸሪፍ ሙዚየም ከጥንት የእጅ ጽሑፎችና ከሳንቲሞች ጋር የተቀረጹ የሐረሪ ዜማዎችንም ይዟል። አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ ይህን ሁሉ ያሰባሰቡት በግል ጥረታቸው ነው። ከቤታችን በእግር የሚደረስበት ክምችት እያለ ስልካችን ላይ ብቻ ማፍጠጥ አይገባንም። አሊ ቢራም የዚሁ ምሥራቅ ልጅ ናቸው። በ1950ዎቹ ድሬዳዋ ውስጥ ከተቋቋመው የአፍራን ቀሎ ቡድን ጋር ተነሥተው በኦሮምኛም በሐረሪኛም በሌሎችም ቋንቋዎች ዘፍነው በ2015 ዓ.ም. አርፈዋል። ዘፈኖቻቸው በኢንተርኔት በቀላሉ ይደመጣሉ፤ ለማስታወቂያ ለመጠቀም ግን መብቱ የማን እንደሆነ ጠይቆ ማስፈቀድ ግድ ነው።

ለዘፋኙ የሚደርስ ነገር ይኑር ብለው የተነሡ የአገር ልጆችም አሉ። በ2011 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው አውታር የተባለው የስልክ መተግበሪያ ኤልያስ መልካና የሙያ ባልደረቦቻቸው ያቋቋሙት ሲሆን፣ ዘፈን በጥቂት ብር እየተሸጠ ገቢው ለባለሙያዎቹ እንዲደርስ የታሰበ ነበር። ከዚያም ሰዋስው የተባለው መጥቷል። ነጻ ያልሆነ ነገር ሁሉ ውድ አይደለም፤ ለሚሞሪ ማስጫኛ ከሚወጣው ብር ጥቂቱ ለዘፋኙ ቢደርስ ማንንም አያደኸይም።

አንድ ታሪክ እንጨምር። ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበሩ። አሜሪካ ከቀሩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1985 ብቻቸውን አኮርዲዮንና ኪቦርድ ተጫውተው አንድ ካሴት አወጡ። ከዚያ በኋላ ኑሯቸውን ለዓመታት የገፉት በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ካሴቱን ባሕር ዳር ውስጥ አገኘው። ይህ ሰው ቀድሞ የአፍሪካ ካሴቶችን በኢንተርኔት እንዲሁ በነጻ ያሰማ ነበር። የኃይሉን ካሴት ግን ባለቤቱን አፈላልጎ፣ አስፈቅዶ፣ እንደገና አሳተመው፤ የሚያሳትማቸውን ሥራዎች ትርፍም ከሙዚቀኞቹ ጋር እኩል ይካፈላል። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሱ፤ በየአገሩ ተጋብዘው ተጫወቱ። ካሴቱ ያው ካሴት ነው። ለውጥ ያመጣው አንድ ሰው «ይህ የማን ነው?» ብሎ መጠየቁ ነው።

ይህን የምንነግራችሁ ጉዳዩ ወደ እኛ ቤት ስለመጣ ነው።

ከአባሎቻችን መካከል በሠርግና በበዓል የሚጠሩ፣ ከበሮ መትተው የሚያዜሙ እናቶች አሉ። ለአንዳንዶቹ ጥሪው ሽልማትም ያስገኛል፤ የወር ቁጠባቸው ከዚያ ይወጣል። አንደኛዋ እናታችን ከዓመታት በፊት ሠርግ ቤት ያዜሙትን ዜማ በልጅ ልጃቸው ስልክ ላይ ሰሙት። አንድ ሰው በስልኩ ቀርጾት ኖሯል። ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የሌላ ሰው ፎቶ ተለጥፎበት «የሐረር ባህላዊ ዘፈን» ተብሏል። ስማቸው የለም። ምስጋናም የለም። እናታችን የተቆጩት በገንዘቡ አይደለም። በዚያ ሠርግ ላይ ከእሳቸው ጋር ያዜሙ ሁለት ጓደኞቻቸው ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ዜማውን የሚሰማ ሰው ግን እነሱ እንደነበሩ እንኳ አያውቅም።

እንግዲህ እኛ የሌላውን ድምፅ ሳንጠይቅ እየወሰድን የእናቶቻችን ድምፅ ለምን ተወሰደ ብለን መቆጣት አንችልም። የራሳችንን የምናስከብረው የሰውን ስናከብር ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ሁሉን ዘግተን ብናስቀምጠው ዜማው ከባለቤቶቹ ጋር ይቀበራል። ስለዚህ የሥራ አመራራችን ለሚቀጥለው የበዓል ወቅት የሚከተለውን አሳብ ያቀርባል፤ ተወያዩበት።

በመጀመሪያ፣ ለባዛርና ለቪዲዮ የሚሆነውን ሙዚቃ ከራሳችን እናውጣ። ፈቃደኛ የሆኑ እናቶች ያዚሙ፣ ልጆች ይዘምሩ፣ ጸጥ ያለ ክፍል ተመርጦ በደህና ስልክ ይቀረጽ። መስኮት ይዘጋ፣ ቴሌቪዥን ይጥፋ፣ ስልኩ ወደ ዜመኛዋ አፍ ሳይሆን በአንድ ክንድ ርቀት ይቀመጥ፤ ከበሮው ትንሽ ራቅ ይበል፤ አለበለዚያ ድምፁን ይውጠዋል።

ሁለተኛ፣ ማንም ሳይጠየቅ አይቀረጽ። ጥያቄውም በምትረዳው ቋንቋ ይሁን፤ በሐረሪኛ፣ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ ወይም በሶማልኛ። ቅጂው ሲጀምር የዜመኛዋ ስም፣ ቀኑ፣ ቦታውና ዜማው ለምን እንደሚዜም በድምፅ ይነገር። ስሜ አይጠቀስ የምትል ካለች አይጠቀስ።

ሦስተኛ፣ ፈቃዱ ሦስት ደረጃ ይኑረው። አንዱ በቤተሰብ ብቻ ይቀመጥ የሚል ነው። ሁለተኛው በማኅበሩ ውስጥ ይሰማ፣ ወጣቶች ይማሩበት የሚል ነው። ሦስተኛው ለሁሉም ይለቀቅ የሚል ነው። ለሁሉም የሚለቀቀው በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ፣ ስም እንዲጠቀስ ተደርጎ ይለቀቅ። ለንግድ ይዋል አይዋል የሚለውንም ዜመኛዋ ትወስን። ከአባሎቻችን መካከል ድምፃቸው ለማያውቃቸው ሰው እንዲሰማ የማይፈልጉ አሉ፤ ምክንያታቸው ሃይማኖትም ሊሆን ይችላል፣ የራሳቸው ፍላጎትም። «እምቢ» ማለታቸው ሙሉ መልስ ነው፤ ማንም ሊያግባባቸው አይሞክር። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስምና ኢንተርኔት ላይ የወጣ ድምፅም ተመልሶ አይሰበሰብም፤ ስለዚህ ደረጃውን ከመምረጥ በፊት ይታሰብበት።

አራተኛ፣ ዚክሪም ሆነ መዝሙር ለዕቃ ማስታወቂያ አይዋል። ለአምላክ የተዜመው በርበሬ መሸጫ እንዳይሆን ሙስሊሞቹም ክርስቲያኖቹም አባላት ተስማምተዋል። ለማስታወቂያ የሥራ ዜማና የሠርግ ዘፈን ይበቃናል።

አምስተኛ፣ ከቅጂ ገቢ ቢገኝ መጀመሪያ ለዜመኞቹ ይሁን፤ ከተስማሙ ደግሞ ከፊሉ ለማኅበሩ የችግር ጊዜ መጠባበቂያ ይግባ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በፒያኖ ተጫውተው ካሳተሙት ሸክላ የተገኘው ገቢ ወላጅ ላጡ ልጆች እንዲውል አድርገው ነበር። ዜማ ችግረኛ እንደሚረዳ እኛ የመጀመሪያዎቹ ተመልካቾች አይደለንም።

ስለ ኢንተርኔት ወጪም ትንሽ እንበል። ሁላችንም አንድ ዘፈን ለየብቻ ደጋግመን ከምንከፍት አንዷ በርካሹ የሌሊት ጥቅል ታውርደውና በብሉቱዝ ለሌሎች ትስጥ፤ ባለቤቱ ማጋራት የፈቀደው ሥራ ከሆነ ይህ ከአጥር ውጭ አይደለም። ቴሌግራም ቪዲዮን በራሱ እንዳያወርድ ከማስተካከያው ላይ መዝጋት ካርድ ይቆጥባል። ስንፈልግም በአንድ አጻጻፍ ብቻ አንቁም፤ ዚክሪን «ዝክሪ» ብሎ የጻፈ አለ፣ ሸዋሊድን «ሹዋሊድ» ያለ አለ፣ በላቲን ፊደል የጻፈም አለ። የቦታውን ስም መጨመርም ይረዳል።

ለምታግዙን ወዳጆቻችን የምንለው አጭር ነው። ከእናንተ የምንጠይቀው ስቱዲዮ አይደለም። አንድ ደህና ድምፅ መቅጃ፣ ቅጂዎቹ በሁለት ቦታ የሚቀመጡባቸው ሁለት ሃርድ ዲስኮች፣ ስለ ቅጂ መብት አንድ ቀን የሚያስረዳን ባለሙያ ቢገኝልን ይበቃናል። እናንተም ስለ ሥራችን ፊልም ስታሠሩ ከሥሩ የምታስገቡትን ዜማ ከየት እንዳመጣችሁት ጠይቁ፤ ከእኛ የወሰዳችሁት ከሆነም የዜመኛዋን ስም ጻፉ።

እናቶቻችን በአፎቻውም በዕድሩም ያስተማሩን አንድ ሰው ብቻውን የማይሸከመውን ተካፍሎ መሸከም ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነውና የዜማውንም ነገር እንዲሁ እንያዘው። የመጀመሪያው ቅጂ በዚህ ወር መጨረሻ እሑድ ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ ቤት ይደረጋል። ለማዜም የምትፈልጉ ለጸሐፊዋ ስማችሁን አስመዝግቡ፤ ለመስማት ብቻ የምትመጡም ጀበናውን አትርሱ።